«ቲቸር፣ ደምሬ አየሁት»፦ ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት። የኮምፒውተር ታሪክ ነው፤ መነሻው ግን እኔው ራሴ የሠራሁት ጥፋት ነው። (ከራሴ ታሪክ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

2007 ዓ.ም ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪ ካርድ የሚሠራው በእጅ ነበር። ሆም ሩም መምህሩ ሮስተሩን ዘርግቶ፣ ካልኩሌተር ይዞ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ ሲያወጣ ሁለት ሦስት ሌሊት ያመሻል። እኔ ያኔ ትኩስ የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ «ይሄን ነገር እኔ እገላግላችኋለሁ» አልኩ። ላብ ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኜ፣ ሰርቨር አድርጌው፣ በፒኤችፒ አንድ ገጽ ሠራሁ። መምህሩ ማርክ ያስገባል፣ «ካርድ አዘጋጅ» የሚለውን ይጫናል፣ በቃ አለቀ።

አላለቀም። የሁሉንም ክፍል ድምርና ደረጃ አውጥቶ፣ ካርድ በካርድ ፋይል እስኪያዘጋጅ ያ ምስኪን ኮምፒውተር ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ብራውዘሩ ላይ ያለችው ክብ ነገር ትሽከረከራለች። መምህራኑ ትንሽ ይጠብቁና ደግመው ይጫናሉ (እናንተስ ብትሆኑ አትጫኑም?)። ፒኤችፒ ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ለአንድ ስክሪፕት የሚሰጠው 30 ሰከንድ ነው፤ ሲያልፍበት ሥራውን መሀል ላይ ይቆርጠዋል።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስፈልግ መፍትሔ አገኘሁ፦ ሥራውን ከገጹ ነጥሎ ከበስተጀርባ ማስኬድ። ከትዕዛዙ መጨረሻ ላይ የ& ምልክት አድርግ ይላል። አደረግኩ። ክቧ አሁንም ትሽከረከራለች! እንደገና ስፈልግ፣ የፕሮግራሙን ውጤትና ስህተት በሙሉ «ዴቭ ነል» ወደሚባለው ቦታ ላከው ይላል። ዴቭ ነል ማለት የጣላችሁበትን ሁሉ የሚውጥ፣ ታች የሌለው ጉድጓድ በሉት። ላክሁት። መሽከርከሯ ቆመ! አዝራሩን ስትጫኑት በሰከንድ ውስጥ «ካርዱ እየተዘጋጀ ነው» ይላል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተጨበጨበልኝ፤ አልዋሻችሁም፣ ኮራሁ።

የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ሳላነብ የዘለልኩትን ታሪክ እናንብብ፤ ምክንያቱም የኔ ጥፋት አዲስ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች የተከራከሩበት ጥያቄ ነው፦ አዛዡ ከሄደ በኋላ ሥራው እንዴት ይቀጥላል? ደግሞስ ማን ይጠይቅለታል?

*

ታሪኩ ከዌብ በጣም ይቀድማል። በ1963 ኤምአይቲ ውስጥ ፕሮጀክት ማክ በሚባለው ሥራ ላይ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንድን ትልቅ የአይቢኤም 7094 ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት እያደረጉ ነበር። ማንም ሳያዛቸው ራሳቸው ተነስተው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ጻፉ። የመጀመሪያው፣ ኮርባቶ በኋላ እንደተናገረው፣ ፋይሎችን በራሱ ጊዜ ወደ ቴፕ እየገለበጠ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነበር። ስሙን «ዲመን» አሉት። ጋኔን እንዳይመስላችሁ! ኮርባቶ ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው፤ ስሙን የወሰደው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ሞለኪውሎችን ሳይታክት ከሚለየው ትንሽ ፍጡር ነው። እስከ ዛሬ ሊኑክስ ላይ የሰርቨር ፕሮግራሞች ስማቸው በ«ዲ» ፊደል የሚያልቀው ለዚህ ነው።

በዚያው በ1963 ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል ሰው አንድ ፕሮግራም መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ስሙን «ፎርክ» አለው፤ እንደ ሹካ ወይም እንደ መንገድ መገንጠያ ማለት ነው።

ይሄ ሐሳብ ቦታውን ያገኘው በዩኒክስ ነው። በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን ሲጀምር የያዘው ኮምፒውተር ፒዲፒ-7 የሚባል፣ ያኔ እንኳን ጊዜው ያለፈበት ማሽን ነበር። ዴኒስ ሪቺ እንደጻፈው በዚያ ማሽን ላይ ፎርክን ለመሥራት የፈጀው 27 መስመር የአሴምብሊ ኮድ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት መስመር! ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሰርቨር ሁሉ የዚያ ልጅ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ፎርክ እንዲህ ነው፦ አንድ ፕሮሰስ የራሱን ግልባጭ ይወልዳል። የወለደው «ወላጅ»፣ የተወለደው «ልጅ» ይባላል። ልጁ የወላጁን ሁሉ ይወርሳል፤ የተከፈቱ ፋይሎቹን ጭምር። (ይቺን ውርስ ያዙልኝ፤ ወደኋላ ጣጣ ታመጣለች።) ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ ስትጽፉ ሼሉ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁ ትዕዛዛችሁን ይሠራል፣ ሼሉ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ & ካደረጋችሁ ልዩነቱ አንድ ነው፦ ሼሉ አይጠብቅም። ይኸው ነው «ከበስተጀርባ» የሚባለው።

ግን መጠበቅ መቅረቱ ብቻ ልጁን ነጻ አያወጣውም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው በስልክ መስመር ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ሲስተሙ በዚያ ተርሚናል ላይ ለሚሠሩ ፕሮሰሶች ሲግናል ቁጥር 1ን ይልካል፤ ትርጉሙ «ስልኩ ተዘግቷል» ነው። ሲግናሉ የደረሰው ፕሮሰስ፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው፣ ይሞታል። አስቡት፣ ሰውየው ከሄደ ሥራው ለማን ነው? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ረጅም ስሌት አስጀምሮ ወደ ቤቱ መሄድ የሚፈልግም ነበር። ለእሱ «ኖሃፕ» የምትባል ትንሽ ትዕዛዝ ተሠራች፤ «ስልኩ ቢዘጋም አትሙት» ማለት ናት። ውጤቱን የት እንደምታኖረው ሳትነግሯት ከሄዳችሁ ደግሞ «ኖሃፕ ነጥብ አውት» የሚባል ፋይል ከፍታ ትጽፍላችኋለች። የዚያ ዘመን ሰዎች ያሰቡትን ልብ በሉ፦ ሥራው እንዲቀጥል ብቻ ሳይሆን ስትመለሱ የምታነቡት ነገር እንዲኖርም አስበዋል። እኔ ይቺን ነው ያጠፋኋት።

*

ቀጥሎ ነገሩ ሥርዓት ተበጀለት። የዩኒክስ ደረጃዎችን ያወጣው ፖዚክስ በ1988 «ሴት-ሲድ» የምትባል ጥሪን ደነገገ፤ ፕሮሰሱን ከወላጁ ተርሚናል አውጥታ የራሱ ጎጆ ቀላሽ ታደርገዋለች። ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለፕሮግራመር ያስተማረው ደግሞ ሪቻርድ ስቲቨንስ ነው። በ1951 በዛሬዋ ዛምቢያ፣ ሉዋንሺያ ከተማ የተወለደ ሰው ነው፤ አፍሪካ ምድር ላይ ማለት ነው። በ1992 ያሳተመው የዩኒክስ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦

አንደኛ ፎርክ ታደርጉና ወላጁ ይሰናበታል፤ ያዘዘው ሰው ነጻ ይሆናል። ልጁ በሴት-ሲድ ከተርሚናሉ ይላቀቃል። ብዙዎች ከዚያ ሁለተኛ ፎርክ ይጨምራሉ፤ የልጅ ልጁ የቡድኑ መሪ ስላልሆነ በስህተት እንኳን ተርሚናል ዳግመኛ ሊይዝ አይችልም። ከዚያ ወደ ዋናው ማውጫ ይሄዳል (የቆመበት ዲስክ በሱ ምክንያት ሳይነቀል እንዳይቀር)። በመጨረሻም የወረሳቸውን ሦስት በሮች ይዘጋል፦ መግቢያውን፣ መውጫውን፣ የስህተት መውጫውን።

ወላጁ የሞተበት ልጅስ? ዩኒክስ ውስጥ ወላጅ አልባ ሆኖ የሚቀር የለም። ቁጥር 1 ፕሮሰስ፣ የሁሉም መጀመሪያ የሆነው፣ ጉዲፈቻ ይወስደዋል። ልጁ ሲሞትም ሬሳውን የሚያነሳ እሱ ነው። በተቃራኒው ወላጁ በሕይወት እያለ የሞተ ልጁን «ምን ሆንክ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ልጁ «ዞምቢ» ሆኖ ይቀራል፤ አይሠራም፣ ግን ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም። ሲስተሙ ራሱ፣ የሞተም ቢሆን ልጅ ሳይጠየቅለት አይቀበርም እያለ ነው።

*

አሁን ወደ ዌብ እንምጣ። በ1993 አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ኤንሲኤስኤ ማዕከል፣ ሮብ መኩል የሚባል ገና ተማሪ የነበረ ልጅ የዌብ ሰርቨር ጻፈ። እስከዚያ ዌብ ማለት በአብዛኛው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ገጽ ማንበብ ነበር። ከዚያ ማዕከል የወጣው «ሲጂአይ» የተባለው ስምምነት ግን ሌላ በር ከፈተ፦ ጥያቄ ሲመጣ ሰርቨሩ ፕሮግራም ያስነሳል፣ ፕሮግራሙ የጻፈውን በቧንቧ ተቀብሎ ለብራውዘሩ ያቀብላል። ፕሮግራሙ በምንም ቋንቋ ይጻፍ ግድ የለውም። ብዙ ሰው የመረጠው ላሪ ዎል በ1987 ያወጣውን ፐርልን ነበር፤ ጽሑፍ ለመፈተሽና ለመቀነባበር የተመቸ፣ ፎርክንም በአንድ ቃል የሚጠራ የስክሪፕት ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ፐርል ጸሐፊው «ሥራው ረጅም ነው፤ ፎርክ ላድርግ፣ ወላጁ ለብራውዘሩ ‹ተቀብያለሁ› ብሎ ይውጣ፣ ልጁ ይሥራ» አለ። ልክ ይመስላል አይደል? ግን ገጹ አሁንም ይሽከረከራል! ለምን?

ያዙልኝ ያልኳችሁ ውርስ መጣች። ሰርቨሩ የሚጠብቀው የወላጁን መሞት አይደለም፤ የቧንቧውን መዘጋት ነው። ልጁ ደግሞ የቧንቧውን ጫፍ ወርሷል። በድሮ ቤቶች ሳሎንም መኝታ ቤትም የሚያገናኝ አንድ የስልክ መስመር ነበር፤ አባት ሳሎን ያለውን ቀፎ ቢያስቀምጥም ልጅ መኝታ ቤት ያለውን አንስቶ ከያዘ መስመሩ አይዘጋም። ይኸው ነው። ልጁ የወረሰውን መውጫ በገዛ እጁ መዝጋት አለበት። የኔ & ብቻውን ያልሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የፒኤችፒ መመሪያም በግልጽ ጽፎታል፦ ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ውጤቱ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ካልተላከ፣ ፒኤችፒ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቃል። እዚህ ላይ «ወደ ፋይል» የምትለዋን አስምሩባት።

በዚህ ዘመን ከወጡት መፍትሔዎች በጣም የምወደው የፐርል አስተማሪው ራንዳል ሽዋርትዝ በ2002 በመጽሔት ዓምዱ ያሳየው ነው። ሐሳቡ ልብስ ሰፊ ጋ እንደመሄድ ነው። ጨርቁን ትሰጣላችሁ፣ ሰፊው ቁጥር ያለው ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ትሄዳላችሁ። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ መርፌውን አታዩም፤ ግን ተመልሳችሁ «የት ደረሰ?» ለማለት ወረቀቷ በእጃችሁ አለች። የሱ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፦ ፎርክ ያደርጋል፤ ወላጁ ለብራውዘሩ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ይሸኘዋል፤ ልጁ መውጫውን ዘግቶ ይሠራል፣ የደረሰበትንም በዚያ ቁጥር ስም ያስቀምጣል፤ ገጹ በየጥቂት ሰከንዱ እየታደሰ ያነበዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ከ1996 ጀምሮ ሞድ-ፐርል መጣ፤ ፐርል አፓቼ ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ገባ። ፍጥነት ተገኘ፣ ግን ፎርክ ስታደርጉ የምትወልዱት የሰርቨሩን ግልባጭ ሆነ። ልጁ 80 ቁጥር ወደብን ሳይቀር ይወርሳል፤ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱ «አድራሻው ተይዟል» ይላችኋል። የያዘው ያ የረሳችሁት ልጅ ነው። ፒኤችፒ ደግሞ በ2010 ኤፍፒኤም የሚባለውን አስተዳዳሪ ሲጨምር፣ «ለተጠቃሚው ጨርሻለሁ በለው፣ እኔ ግን ልቀጥል» የምትል ጥሪ አብራ መጣች። ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ያ ሠራተኛ እስኪጨርስ ሌላ እንግዳ አያስተናግድም።

ስለዚህ ትላልቆቹ ድረ ገጾች ሌላ መንገድ ያዙ፦ ዌብ ሰርቨሩ ጭራሽ አይውለድ። ሥራውን ወረፋ ላይ ይጻፍ፤ ሌላ ቦታ ያሉ ሠራተኞች ከወረፋው እያነሱ ይሥሩ። በ2005 የላይቭጆርናል ሰዎች በፐርል የጻፉት «ጊርማን» ከነዚህ አንዱ ነው። ስሙ «ማኔጀር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፊደላት ተዘበራርቀው የወጣ ነው፤ ያው እንደ ማኔጀር ራሱ ምንም ሳይሠራ ሥራ ያከፋፍላል ለማለት ነው።

ክርክሩ ግን አልሞተም። በ2016 ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አስተዳዳሪ 230ኛ እትሙ ላይ አንድ ነገር ለወጠ፦ ተጠቃሚው ሲወጣ የተዋቸው ፕሮሰሶች በሙሉ ይገደሉ፤ በኖሃፕ የተለቀቁትም ጭምር። ጫጫታው ሌላ ነበር! አንዱ ወገን «ባለቤት የሌለው ፕሮሰስ ማሽኑ ላይ ሊቀር አይገባም» ሲል፣ ሌላው «ኖሃፕ ያልኩት እንዲኖር ፈልጌ ነው» አለ። ዴብያን ያንን ቅንብር መልሶ አጠፋው። ልብ በሉ፣ ያ የስልክ መስመር ዘመን ጥያቄ ነው የተመለሰው፦ ሰውየው ከሄደ ሥራው የማን ነው?

*

አሁን ወደ 2007 ዓ.ም ልመልሳችሁ።

አንድ ሆም ሩም መምህር የሒሳብ ማርክ ገብቶ ሳያልቅ አዝራሩን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ማርኩ ገባ፤ እንደገና ተጫነ። በሱ ቤት ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰርዞታል። የኔ ፕሮግራም ግን ሁለት ልጅ ወልዶ ለቋል፤ ሁለቱም አንድ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ። የአንዳንዱ ተማሪ ድምር ከነሒሳቡ፣ የሌላው ያለ ሒሳብ ሆነ። ደረጃው በዚያ ላይ ወጣ። ፕሮግራሙ እየተጋጨ ስህተት ሲናገር ነበር፤ በኋላ ራሴ ሳስኬደው አየሁት። ግን የሚናገረው ለዴቭ ነል ነው። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የመዝጊያው ዕለት ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ ተማሪዎች በስም ተጠርተው በወላጅ ፊት ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለሙ። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ላብ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛለች።

«ቲቸር፣ ደምሬ አየሁት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ካርዴን። ሒሳብ የለበትም። አሥራ አንደኛ ይላል።»

ተቀምጠን አብረን ደመርን። እሷ ትክክል ነበረች። የሁሉንም ተማሪ ሮስተር በእጅ ስንደምረው እሷ አንደኛ ነች። እናቷ ያን ዕለት የገበያ ቀኗን ትታ መጥታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የልጇ ስም ሲጠራ ልትሰማ። አልተጠራም።

ካርዱ ተስተካከለ። ርዕሰ መምህሩም ሽልማቱን ቢሮ ውስጥ ሰጧት። እኔ እናቷ ጋ ሄጄ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ማሽን ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አሉኝ። ይቺ ነች እስከ ዛሬ የምትቆጠቁጠኝ። ማሽን አይደለም። ማሽኑ ሊናገር ሞክሯል።

ክረምቱን ሁሉ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። አዝራሩ አሁን ሥራ አያስነሳም፤ ወረፋ ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ማን አዘዘ፣ መቼ፣ ለየትኛው ክፍል። ለዚያ ክፍል ያልተጠናቀቀ ሥራ ካለ ሁለተኛ አይቀበልም፤ «የቀድሞው ገና ነው» ይላል። አንድ ሠራተኛ ስክሪፕት በየደቂቃው ወረፋውን እያየ አንድ በአንድ ይሠራል፤ ማርክ ያልገባለት ተማሪ ካለ ስሙን ጠርቶ ያቆማል። የሚናገረውን ሁሉ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ያንን ፋይል ጠዋት ጠዋት ከሻይ በፊት አነባለሁ። ዴቭ ነል የሚል ቃል ኮዱ ውስጥ የለም።

ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ፕሮግራመር ሆናችኋል፤ ደስ ይለኛል። ቋንቋው ተቀይሯል፤ ዛሬ በፓይተን ወይም በሌላ ትጽፉ ይሆናል። ጉዳዩ ግን ያው ነው። አንድን ሥራ ከሰርቨሩ ነጥሎ መልቀቅ ከባድ አይደለም፤ ዘዴው እናንተ ሳትወለዱ ያለቀ ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ ቢወድቅ ለማን ይናገራል? ሁለቴ ቢታዘዝ ምን ይሆናል? ያዘዘው ሰው ተመልሶ «የት ደረሰ?» ቢል የሚያሳየው ቁራጭ ወረቀት አለው ወይ? መልስ ከሌላችሁ ሥራውን ለቀቃችሁት አይባልም፤ ጣላችሁት ነው። የሰው ማርክ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ዴቭ ነል ውስጥ አይጣልም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ይህን ከመለጠፌ በፊት ልኬላት ስሟን እንዳልጠራ ተስማምተናል። አንብባ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ቲቸር፣ አሁንም እደምራለሁ።»

እናንተም ደምሩ። ቸር ያሰንብተን።